በመፀው ወራት ለቤታችን ደጃፍ የሚስማሙ አበቦች

በመስከረም መጨረሻ ከደብረ ወርቅ ማርያም ኮረብታ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ወደ ብቸና፥ አንድ ጊዜ ወደ ሞጣ አቅጣጫ ለሚመለከት ሰው፥ አገሩ ሁሉ በቢጫ ቀለም የተነከረ መስሎ ይታየዋል። በእርሻው ዳርና በጥሻው አደይ አበባ፥ በማሳው ኑግ፥ በአረሙ መካከል ደግሞ መጭ በአንድነት ይፈካሉ። ይህም ሁሉ ጌጥ አንድ እንስራ ውሃ ሳይፈስበት የቆመ ነው። ከዚያ ወርደን ወደ ቤታችን ደጃፍ ስንገባ ግን፥ ብዙ ጊዜ የሚቀበለን በመስከረም ለምልሞ በጥቅምት አጋማሽ የጠወለገ መደብ ነው። ይህ ስለ ምን ሆነ? ምንስ ብንተክል ደጃፋችን እስከ ኅዳር ድረስ ያጌጣል?

አባቶቻችን በባሕረ ሐሳብ ዓመቱን በአራት ሲከፍሉ፥ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለውን ጊዜ መፀው ብለውታል። ከዚህም ውስጥ እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት 40 ቀናት ዘመነ ጽጌ መሆናቸውን፥ የሌሊቱን ማኅሌተ ጽጌ አድምጦ በማለዳ ወደ ቤቱ የሚመለስ ምእመን ሁሉ ያውቀዋል። በአውሮፓ ይኸው ወራት ቅጠል የሚረግፍበትና ብርድ የሚገባበት ነው፤ ስለዚህ ከውጭ አገር የመጣውን የአትክልት መጽሐፍ ገልጦ እንደ ተጻፈው የሚተክል ሰው ይሳሳታል። የእኛ መፀው የአበባ ወራት ነው። ነገር ግን ዝናሙ የሚለየንም በዚሁ ወራት ነውና፥ አበባው የሚኖረው ክረምቱ በመሬት ውስጥ ባስቀመጠለት እርጥበት ብቻ ነው። የምርጫው ሁሉ መነሻ ይህ ነው።

እኔ ይህን የተማርሁት በስሕተት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ የዳሊያ ሥር አምጥቼ በሰኔ ተከልሁ። ዳሊያ አገሩ ሜክሲኮ ነው፤ ከአደይ አበባም ጋር በዕፅዋት ትምህርት የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በመስከረም ቀዩና ሐምራዊው ፈክቶ አላፊ አግዳሚው ሲያደንቅልኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጥቅምት ሲገባ ቅጠሉ ይዝለፈለፍ ጀመር፤ እኔም የእኅቴን ልጅ ጠዋትና ማታ ውሃ አመላለስኋት። አንድ ቀን ጀሪካኑን አዝላ ገባችና፥ «እትዬ፥ ይኸስ ለአበባው ነው ወይስ ለቤት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በዚያ ሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት መዘግየቷን የሰማሁት ኋላ ነው። ዳሊያውንም ቢሆን አላዳንነውም፤ በኅዳር የወረደው ውርጭ በአንድ ሌሊት አጠቆረው።

እንግዲህ ውሃ ከምንጭ ወይም ከቦኖ በሸክም በሚመጣበት ቤት፥ አበባ ስንመርጥ ቀለሙን ከማየታችን በፊት የሚያጠጣው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባናል።

ስለ አፈሩም ጥቂት እንበል። በብቸና በኩል የሚበዛው ጥቁሩ ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ዝናሙ ሲያበቃም እየተሰነጠቀ ሥሩን ይበጥሳል። በዋልካ ላይ ያለ ቤት መደቡን ከፍ አድርጎ፥ ፍግና አሸዋ ቀላቅሎ፥ በመስከረም አጋማሽ መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ ገለባ ወይም የታጨደ ሣር ቢጐዘጉዝበት፥ ስንጥቁ ይቀንሳል፤ እርጥበቱም ይቆያል። ቀይ አፈር ያለውም ቢሆን ጉዝጓዙን አይተወው።

አሁን ወደ ማስማማቱ እንምጣ። አደይ አበባን አረም ነው ብሎ በሐምሌ ነቅሎ የሚጥል ሰው በመስከረም ከገበያ ይገዛዋል፤ ይህን ባየሁ ቍጥር ይገርመኛል። ከመደቡ በስተ ኋላ ይተው፤ ከፊቱ ተልባ ይዘራ። የተልባ አበባ ሰማያዊ ነው፤ በማለዳ ተከፍቶ ቀትር ሳይሆን ይረግፋል፥ በማግሥቱም ሌላው ይተካል። ቢጫውና ሰማያዊው አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ያደምቀዋል፤ ተልባውም ኋላ ለጓዳ ይሆናል።

አደይ ሲያልፍ የሚተካው የፈረስ ዘንግ ነው፤ አንዳንዱም ራስ ክምር ይለዋል። አበባው በቀጥተኛው ግንድ ዙሪያ፥ ደረጃ በደረጃ፥ እንደ ተደራረበ አክሊል ሆኖ የብርቱካን ቀለም ይዞ ይቆማል። ሥሩ የጠለቀ ስለሆነ ውሃ አይለምንም፤ ሾጣጣ ምንቃር ያላቸው ትንንሽ ወፎችም ማሩን ሊቀስሙ ይመጡለታል። ከግርጌው አሪቲ ይተከል። የአሪቲ ቅጠል አመድማ ነው፤ እንዲህ ያለ ደብዛዛ ቀለም ከእሳት መሳዩ አበባ ሥር ሲሆን ዓይንን ያሳርፋል፥ ሽታውም ለደጃፍ ክብር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አበባን ከአበባ ጋር ብቻ በማጣመር ነው፤ አበባ የሚያምረው ከቅጠል ጋር ሲጋባ ነውና። ጤና አዳምና በሶብላም በዚሁ አጠገብ ቢሆኑ የወጡና የቡናው ነገር ከእጅ አይርቅም።

ሱፍ እሾኻም ነው፤ ልጆች በማይጫወቱበት በአጥሩ ሥር በነሐሴ መጨረሻ ቢዘራ፥ ሌላው ሁሉ ሲደክም እርሱ ቢጫና ብርቱካን አበባውን ያወጣል። በአጥሩ ላይ ጠምበለል ይውጣ፤ ነጭ አበባው መዓዛው የታወቀ ነው። ቦታ ያለውም ቀጋን ይጨምር። ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ አገር በቀል የሆነችው ጽጌረዳ እርሷ ብቻ ስትሆን፥ እኛ ግን እሾኋን ብቻ እያየን ለበግ በረት አጥር አድርገናታል።

የፈረንጆቹን የመፀው ቅጠል ለሚመኝ ሰው ደግሞ ብሳና አለለት። ቅጠሉ ከመርገፉ አስቀድሞ እንደ ብርቱካን ይቀላል፤ አረንጓዴውና ቀዩ በአንድ ዛፍ ላይ ሲታይ እጅግ ያምራል። ዋንዛም በዚሁ ወራት ያብባል፤ ነጩ አበባው ከሥሩ ሲረግፍ የፈንድሻ ብተና ይመስላል፥ ቀፎ ላለውም ንቦቹ ወደ ሩቅ አይሄዱበትም። በጥቅምትና በኅዳር የሚቈረጠው ማር ከአደይ ጀምሮ የእነዚህ ሁሉ አበባ ውጤት ነው።

ሁለት ነገር ግን ወደ ደጃፋችን እንዳይገቡ እመክራለሁ። አንደኛው ከውጭ አገር የመጣው የወፍ ቆሎ ነው፤ አበባው ባለ ብዙ ቀለም ሆኖ ያታልላል፥ ነገር ግን ወፎች ፍሬውን እየበተኑ ግጦሹን ያስወርሩታል፤ ቅጠሉንም የበላ ከብት ይታመማል። ሁለተኛው ባሕር ዛፍ ነው። ለቤት ማገርና ለገንዘብ ጠቃሚነቱን አልክድም፤ ቦታው ግን ከደጃፍ ራቅ ያለ ይሁን፤ መደቡ የሚኖርበትን እርጥበት እርሱ አስቀድሞ ይጠጣዋልና።

ለከርሞው ዘር የሚያዘው በኅዳር ነው። አደዩን ለእንቍጣጣሽ ስትቀጥፉ ከየሥፍራው ጥቂት እግር ሳትነኩ አስቀሩ፤ አበባው ደርቆ ራሱ ሲጠቁር በማለዳ፥ ጤዛው ሳይነሣ፥ በጨርቅ ላይ አራግፉት፤ ጤዛው ሳለ ዘሩ እንደ ልቡ አይበተንምና። ከዚያም በጥላ አድርቃችሁ በደረቅ ቅል ውስጥ እስከ ሰኔ አስቀምጡት። በእኛ ቤት የቅሉን አፍ የምታስረው የእኅቴ ልጅ ናት፤ ዘንድሮ ለአበባ ብላ የቀዳችው ውሃ የለም።