የቼክ ቆብ የማይደርስበት ቦታ

ፒተር ቼክ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ያ ጥቁር ቆብ ነው። ግብ ጠባቂው ከ2007 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጓንቱን እስከሰቀለበት 2019 ድረስ ያለ እሱ ሲጫወት አላየነውም። ብዙው ተመልካች ቆቡ አንጎሉን የሚጠብቅለት ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ቆቡ በዋናነት የሚጠብቀው የተሰበረውን አጥንት ነው። ትልቁ አደጋ ያለው ከአጥንቱ ስር ነው፤ እዚያ ደግሞ ምንም ቆብ አይደርስም።

ነገሩ የሆነው ኦክቶበር 14 ቀን 2006 ነው። ሬዲንግ በማዴስኪ ስታዲየም ቼልሲን አስተናገደ። ጨዋታው ከተጀመረ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ቼክ ኳሷን ሊይዝ ሲወድቅ የስቴፈን ሃንት ጉልበት ጭንቅላቱ ላይ አረፈ። ተቀይሮ የገባው ካርሎ ኩዲቺኒም በዚያው ጨዋታ ከኢብራሂማ ሶንኮ ጋር ተጋጭቶ ራሱን ስቶ ወጣ። አምበሉ ጆን ቴሪ ጓንት አጥልቆ በረኛ ሆኖ ጨረሰ። ሰማያዊዎቹ 1ለ0 ቢያሸንፉም ያን ቀን ስለ ሦስቱ ነጥብ ያወራ የለም። ቼክ ኦክስፎርድ ተወስዶ፣ ወደ ውስጥ ለተሰረጎደው የራስ ቅሉ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ሁለት ስስ ብረትም ገባለት። ጆዜ ሞሪንሆ አምቡላንስ ዘገየ ብሎ ቢናደድም ሬዲንግም ሆነ የአምቡላንስ አገልግሎቱ ወቀሳውን አልተቀበሉትም።

ለመሆኑ አሰልጣኙ ስለ ደቂቃ ይህን ያህል የተጨነቀው ለምንድነው? ይህን ለመረዳት ከአጥንቱ ስር ያለውን ማየት ያስፈልጋል።

ከራስ ቅል ስር ሦስት ሽፋኖች አሉ። የመጀመሪያው ዱራ ይባላል። ወፍራምና ጠንካራ ነው፣ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ከሱ ስር ያለው አራክኖይድ የሸረሪት ድር ስለሚመስል ስሙን ከሸረሪት ወስዷል። ሦስተኛው ፒያ በጣም ስስ ሆኖ አንጎሉ ላይ ተለጥፎ በየስርጉዱ ይገባል። በሁለተኛውና በሦስተኛው መሀል እንደ ውሃ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ። አንጎላችን 1.4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በዚህ ፈሳሽ ላይ ስለሚንሳፈፍ ግን የሚከብደው 50 ግራም ያህል ብቻ ነው። የሚገርመው የፈሳሹ መጠን ነው፤ በአንድ ጊዜ ያለው 150 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በቃ አንድ ብርጭቆ ቢሆን ነው። በቀን ግን ግማሽ ሊትር ያህል ይመረታል። አብዛኛው የሚመረተው አንጎል ውስጥ ባሉ አራት ክፍተቶች ሲሆን፣ አንጎሉንና ህብለ ሰረሰሩን ዞሮ ወደ ደም ይመለሳል።

ይሄ ትራስ ለሩጫና ለዝላይ ይበቃል። ጭንቅላት በድንገት ተመትቶ ሲቆም ወይም ሲሽከረከር ግን አንጎል ውስጥ ለውስጥ መንቀሳቀሱን ይቀጥላል። ቆብም ያደርግ ብረት፣ ይሄን ማስቆም አይችልም።

ደሙስ? አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ቢሆን ነው፤ ከምንጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶውን ይወስዳል። ደም የሚደርሰው በአራት መስመር ነው፣ ሁለቱ በአንገት ፊት፣ ሁለቱ በአንገት አጥንት በኩል። ከአንጎሉ ስር ተገናኝተው ክብ ይሠራሉ። ክቡ የሚጠራው በ1664 ባብራራው እንግሊዛዊ ሐኪም በቶማስ ዊሊስ ስም ነው። ዊሊስ በዚያን ጊዜ ይሠራ የነበረው ኦክስፎርድ ነው፤ ቼክ ቀዶ ጥገና የተደረገለት እዚያው ከተማ መሆኑ ይገርማል።

ስፖርተኛን የሚገድሉት በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ደም መፍሰሶች ናቸው። አንደኛው ከዐይን ጎን ከጆሮ ፊት ያለው ስስ አጥንት ሲሰበር ነው። ከጀርባው የሚያልፈው ደም ስር ይቀደድና ደሙ በአጥንቱና በዱራ መሀል ይጠራቀማል። መጥፎነቱ ተጫዋቹ ተነስቶ «ደህና ነኝ» ሊል መቻሉ ነው፤ ከሰዓታት በኋላ ይወድቃል። ሁለተኛው የቦክሰኞች ነው። ከአንጎል ወደ ዱራ የተዘረጉት ቀጫጭን ደም መላሾች ጭንቅላት ሲናወጥ ይበጠሱና ደሙ ከዱራ ስር ይፈሳል። የራስ ቅል ደግሞ እንደ ፊኛ አይለጠጥም። መጀመሪያ ፈሳሹ ቦታ ይለቃል። እሱ ሲያልቅ አንጎሉ ራሱ ወደ ታች፣ ትንፋሽን ወደሚቆጣጠረው ክፍል ይገፋል። ታዲያ ከዚህ በኋላ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት።

ማይክል ዋትሰን የከፈለው ይሄንን ዋጋ ነው። ሴፕቴምበር 21 ቀን 1991 በዋይት ሃርት ሌን ከክሪስ ዩባንክ ጋር ሲቧቀስ በ11ኛው ዙር ተጋጣሚውን መሬት ጣለው። ዩባንክ ተነሳና ከስር ወደ ላይ በመጣ ቡጢ መለሰለት። በ12ኛው ዙር ዳኛው ፍልሚያውን አስቆመ፣ ዋትሰንም ራሱን ሳተ። በቦታው በቂ ህክምና አልነበረም። መጀመሪያ የተወሰደበት ሆስፒታል የአንጎል ቀዶ ጥገና ክፍል ስላልነበረው ወደ ሌላ ተዛወረ። 40 ቀን ኮማ ውስጥ ቆየ፣ ስድስት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በ1999 የብሪታኒያን የቦክስ ቦርድ ከሶ ረታ፤ ፍርድ ቤቱ እርዳታው ሪንጉ አጠገብ ቢኖር ጉዳቱ ይቀንስ ነበር አለ። በ2003 የለንደንን ማራቶን በስድስት ቀን በእግሩ ተጉዞ ጨርሷል። እንደኔ ከቀበቶው ይሄ ይበልጣል።

የሀል ሲቲው ራያን ሜሰን የገጠመው ግን ጥሩ ዝግጅት ነበር። ጃንዋሪ 2017 ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ከጋሪ ካሂል ጋር በጭንቅላት ሲጋጩ የራስ ቅሉ ተሰበረ። ፈጥኖ ሆስፒታል ደረሰ፣ 14 ስስ ብረት በ28 ብሎን ታሰረለት። በ2018፣ በ26 ዓመቱ፣ መጫወት አቆመ። በ2021 ግን በ29 ዓመቱ የቶተንሃም ጊዜያዊ አሰልጣኝ ሆኖ ተመለሰ።

በዚያው 2021 ፕሪሚየር ሊጉ ጭንቅላቱን ለተመታ ተጫዋች ተጨማሪ ቅያሪ መፍቀድ ጀመረ፤ ከ2024 ወዲህ ውድድሮች ከፈለጉ የሚጠቀሙበት ቋሚ ህግ ሆኗል። በየሰፈሩ ሜዳ ግን የተመታ ልጅ ራሱ ላይ ውሃ ይፈስበትና «ተነስ ተጫወት» ይባላል። ልጁ ማታ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት ወይም አንዱ የዐይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ሳይነጋ ሆስፒታል ነው።