ከሰሉ ከመኝታ ቤት ይውጣ

ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም እንላለን። ስለ ዝናቡ ከሆነ እውነት ነው። ብርዱ ግን ደብረ ታቦር ላይ ሥራውን የሚጀምረው ዝናቡ ከሄደ በኋላ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጉና ደግሞ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከአጠገባችን ቆሟል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል። ቀን የተጠራቀመውን ሙቀት የሚከድን ደመና ስለሌለ ሌሊቱን ሁሉ ያመልጣል። ጎሕ ሲቀድ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ የሚገኝባቸው ቀናት አሉ። በጋይንት በኩል፣ ንፋስ መውጫ ላይ፣ ከፍታውም ብርዱም ከእኛ ይብሳል።

ወላጆቻችን ይህን ብርድ በደበሎ፣ በባና፣ በጋቢና በምድጃ ዳር ተሻግረውታል። የሣር ክዳን ቤት ሙቀት ይይዛል፤ ጭሱም በሣሩ መካከል ሾልኮ መውጫ አያጣም። ዛሬ የምንኖረው ግን በቆርቆሮ ሥር፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ ነው። ቆርቆሮ ፀሐይ ስትወጣ ይግላል፣ ስትገባ ይቀዘቅዛል። (ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡበት ጋፋት ከአፍንጫችን ሥር ነው፤ እኛ አንዲት መኝታ ቤት በወጉ ማሞቅ ቸግሮናል።) መስኮቱ መስታወት፣ በሩ ብረት፣ ቀዳዳው ሁሉ በጨርቅ በተወተፈበት ቤት ውስጥ የከሰል ምድጃ ማስገባት ከድሮው ምድጃ ዳር ጋር የሚመሳሰለው በስም ብቻ ነው።

ከሰል በደንብ ሲቀላ ጭስ አይታይበትም። ወደ አራስ ቤት የምናስገባውም ለዚሁ ነው፤ "ጭሱ ወጥቶለታል" እንላለን። የሚገድለው ግን የማይታየው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ በዚያው ይቀራል። የነቃ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። በአንድ ክፍል ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎች አንድ ላይ ራሴን አመመኝ ካሉ በሩን ከፍቶ ሁሉንም ወደ ደጅ ማውጣት፣ ቀጥሎም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ስለ ከሰል ደጋግሞ የሚያስጠነቅቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕፃንና አረጋዊ ደግሞ ከሌላው ቀድመው ይጎዳሉ።

የልጄ የመውለጃ ጊዜ ታኅሣሥ ላይ መሆኑ ሲታወቅ በቤታችን ክርክር ተነሣ። የምትታረስበት ክፍል 3 ሜትር በ4 ሜትር ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ 80 ዓመት ያለፋቸው አባቴ ይተኛሉ። ጎረቤታችን እትዬ "አራስ ያለ እሳት እንዴት ትሆናለች? ወገቧስ በምን ይጠገናል?" አሉ። ወንዱ ልጄ ቀይ ሽቦ ያለውን ርካሹን ሂተር እንግዛ አለ። እኔ የመረጥኩት ባለ ዘይቱን ነው።

ባለ ዘይት ማሞቂያ እንደ አኮርዲዮን የተደረደሩ የብረት ክንፎች ያሉት፣ በጎማ የሚገፋ ዕቃ ነው። ውስጡ ዘይት ታሽጎበታል። ዘይቱ አይነድም፣ አያልቅም፣ አይጨመርበትም። ከታች ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሲያግለው ወደ ላይ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል፣ እንዲህ እየተዟዟረ ብረቱን ያሞቃል። የሚቃጠል ነገር ስለሌለ ጭስም ጋዝም የለም። እትዬ "ኤሌክትሪክ እኮ የቤቱን አየር ይበላል" ብለውኝ ነበር፤ አየር የሚበላውስ ከሰሉ ነው። ክፍሉ ሲሞቅ አየሩ ደረቅ ያለ ይመስላል፤ አባቴ ጉሮሯቸው ሲደርቅባቸው ራቅ ካለ ጥግ ውሃ በሳህን እናስቀምጣለን።

ቀይ ሽቦው ወዲያው ይሞቃል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ሆኖም የሚያሞቀው ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ነው፤ የጋቢ ጫፍ ወይም ብርድ ልብስ ቢነካው ይያያዛል፤ ሲጠፋ አብሮ ይቀዘቅዛል። ባለ ዘይቱ ለመሞቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከጠፋ በኋላ ግን ለተወሰነ ጊዜ ሙቀቱን መልቀቁን ይቀጥላል። ብርሃን የለውም፣ ድምፅ የለውም፤ ሕፃን አይቀሰቅስም።

ሻጩ "ይኼኛው መብራት አይበላም" ካላችሁ ግን አትመኑት። 1,000 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ዓይነቱ ምንም ይሁን ምን በአንድ ሰዓት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ያስቆጥራል፤ የሚሰጠው የሙቀት መጠንም ያው ነው። ቁጠባው ያለው በአያያዛችን ላይ ነው።

ገበያ ላይ 7፣ 9፣ 11 ወይም 13 ክንፍ ያላቸው ይገኛሉ። ሰው ክንፉን ቆጥሮ ይገዛል። ክንፍ ሲበዛ ሙቀቱ የሚበተንበት ገጽ ይሰፋል፤ ኃይሉን የሚነግራችሁ ግን ጀርባው ላይ የተለጠፈው የዋት ቁጥር ነው። በደንብ ለተዘጋ፣ ኮርኒስ ላለው ቤት በአንድ ካሬ ሜትር 100 ዋት ገደማ ይበቃል ይባላል፤ 12 ካሬ ሜትር ለሆነው ለእኛ ክፍል 1,200 ዋት ማለት ነው። ኮርኒስ ለሌለው ቤት ይህ ስሌት አይሠራም። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቆርቆሮው ላይ ይቀዘቅዛል፤ የምታሞቁት የጉናን ሰማይ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ በእኔ ግምት ኮርኒሱ ይቅደም፤ በአቡጀዴም ቢሆን። በበሩ ሥር የተጠቀለለ ጨርቅ፣ በመስኮቱ ወፍራም መጋረጃ፣ በሲሚንቶው ላይ ምንጣፍ፤ እነዚህ ቆጣሪ አይቆጥርባቸውም። ከሰል በሌለበት ክፍል ቀዳዳ መድፈን አያስፈራም፤ ቀን ቀን መስኮቱን ከፍቶ ማናፈስ ግን አይቅር።

እኛ የገዛነው ባለ 9 ክንፍ፣ 2,000 ዋት ነው። ሁለት ማብሪያዎች አሉት፤ አንዱ 800፣ ሌላው 1,200፣ ሁለቱ አንድ ላይ 2,000 ዋት ይሰጣሉ። ጥቅሙ ትልቁ ቁጥር ላይ አይደለም፤ ወደ 800 ዝቅ ማለት መቻሉ ላይ ነው። ዲጂታል የሆነውን ተውነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ብዙዎቹ ዲጂታሎች እንደገና ካልነኳቸው አይሠሩም፤ ለአባቴ ዓይንም የሚዞር ቁልፍ ይሻላል። ዕቃው ከባሕር ዳር በመኪና የመጣው ተጋድሞ ስለነበር፣ ዘይቱ ወደ ቦታው እንዲመለስ ቀጥ አድርገን ጥቂት ሰዓታት አቆየነው። የመጀመሪያውን ሌሊት ከሥሩ ካርቶን አነጠፍን፤ የዘይት ጠብታ ቢገኝበት ኖሮ ወደ ሱቁ እንመልሰው ነበር።

ከውጭ አገር ለምትልኩ ልጆችም አንድ ቃል። አሜሪካ የሚሸጠው ማሞቂያ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ መብራት 220 ነው። 1,500 ዋት የተጻፈበት የአሜሪካ ማሞቂያ እዚህ ሶኬት ላይ ቢሰካ ከ5,000 ዋት በላይ ሊስብ ይሞክራል፤ ይቃጠላል ወይም ያቃጥላል። ለእናታችሁ ገንዘቡን ላኩላት።

ወደ ሽቦው ልምጣ፤ ከከሰሉ ቀጥሎ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። 2,000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል፣ ያውም ለሰዓታት። ዲቫይደርና ቀጭን ኤክስቴንሽን ይህን አይችሉም፤ ይቀልጣሉ። ማሞቂያው በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ብቻውን ይሰካ። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል፤ ስለዚህ እንጀራ ሲጋገር ማሞቂያው ይረፍ። ብረት ለበስ ዕቃ እንደመሆኑ ኤርዝ የሚሉት የመሬት መስመር ያስፈልገዋል፤ በብዙ የቆዩ ቤቶቻችን ሶኬቶች ላይ ይህ መስመር የለም። ከመግዛታችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አሳዩ። ሠርቶ ግማሽ ሰዓት ሲሞላው የሶኬቱን ፕላስቲክ በእጃችሁ ጀርባ ነካ አድርጉት፤ ከግሏል ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ አጥፉት፣ ሳይሠራም አታብሩት።

ማታ ማታ ማሞቂያው "ደከመ" የሚሉ አሉ። ብዙ ጊዜ የደከመው መብራቱ ነው። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ 2,000 ዋት የሚባለው ዕቃ የሚሰጠው 1,340 ዋት ያህል ነው። የሚቆጥረውም በዚያው ልክ ስለሆነ አትናደዱ።

አሁን ስለ ቁልፉ። አባቴ ብርድ ሲሰማቸው ቁልፉን እስከ መጨረሻው ያዞሩታል፤ ቶሎ እንዲሞቅ። ሲግልባቸው ደግሞ ፈጽመው ያጠፉታል። ቴርሞስታቱ ግን እንደ መኪና ነዳጅ መስጫ አይደለም፤ የሚወስነው የት ላይ ይቁም የሚለውን ነው። ቁልፉ 3 ላይም ይሁን 6 ላይ ዕቃው የሚሞቀው በተመሳሳይ ፍጥነት ነው፤ ልዩነቱ 6 ላይ አለመቆሙ ነው። ቁጥሮቹም ዲግሪ አይደሉም። የምናደርገው እንዲህ ነው። ሁለቱን ማብሪያዎች አብርተን ቁልፉን ወደ ከፍተኛው እናዞራለን። ክፍሉ ደስ የሚል ሙቀት ሲይዝ ቁልፉን ቀስ ብለን ወደ ኋላ እንመልሳለን፤ "ቀጭ" ብሎ መብራቷ ስትጠፋ እንቆማለን። ያ ቦታ የእናንተ ቦታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ይጠፋል፣ ራሱ ይበራል። ማብሪያውንም ወደ 800 ብቻ ዝቅ እናደርጋለን። ልጄ በዚያ ቦታ ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ አደረገችበት። አባቴ አሁን "ቀዩ ላይ ነው?" ይላሉ እንጂ ቁልፉን አይነኩትም።

የዓለም ጤና ድርጅት በብርድ ጊዜ የቤት ውስጥ ሙቀት ቢያንስ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን ይመክራል፤ ለአረጋውያንና ለሕፃናት ከዚያ ከፍ ሊል ይገባል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ግዙ። የሕፃኑን እጅና እግር ነክታችሁ አትፍረዱ፤ ጤነኛ ቢሆንም ቀዝቀዝ ይላሉ። ደረቱን ወይም የአንገቱን ጀርባ ንኩ። ካላበው ሙቀቱ ወይም መጠቅለያው በዝቷል ማለት ነው። 

ሌሊቱን ሙሉ አናበራውም። ከመኝታ በፊት ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ ቀጥሎ ሕፃኑ ለመጥባት ሲነሣ፣ ብርዱም በሚጠናበት ከሌሊቱ 10 እስከ 12 ሰዓት። ክፍሉን ለማሞቅ መጀመሪያ ላይ የምንጨምረውን ትተን በ800 ዋት 4 ሰዓት ብንቆጥር 3.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በወር 96። ቴርሞስታቱ በመሃል ስለሚያጠፋው ከዚህ ሊቀንስ ይችላል። ያንኑ ዕቃ በ2,000 ዋት ሳያቋርጥ 8 ሰዓት የሚያበራ ጎረቤት በወር 480 ይቆጥራል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን መሆኑን አትርሱ፤ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀመው ዝቅተኛውን፣ ከ500 በላይ የሚጠቀመው ከፍተኛውን ዋጋ ይከፍላል። ከመስከረም 2017 ጀምሮም ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። የሌሎቹን ክፍሎች ብርድ ለጋቢ ትተን አንዷን ክፍል ብቻ የምናሞቀው ለዚህ ነው። አባቴም በአርባው ቀን ውስጥ አልጋቸውን ወደዚያው ክፍል አስገብተው ከመጋረጃ ወዲህ ተኙ።

የሽንት ጨርቅ ክንፎቹ ላይ ማስጣት ክልክል ነው። ይህን ለእትዬ ማስረዳት ከሁሉም ከብዶኝ ነበር። የተሸፈነ ማሞቂያ ከመጠን በላይ ይግላል። ከአልጋና ከመጋረጃ አንድ ሜትር ይራቅ፤ ብረቱ የሚድህ ልጅን እጅ ያቃጥላልና ወንበር ወይም የእንጨት አጥር ይከልለው። ሲወድቅ ራሱን የሚያጠፋ መሆኑን ስትገዙ ዘንበል አድርጋችሁ ፈትኑት። ወለላችሁ ወጣ ገባ ከሆነ ግን ሳይወድቅም ሊጠፋ ስለሚችል ሥሩን አስተካክሉለት።

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ሶኬቱን እንነቅላለን፤ ሲመጣ ከፍ ባለ ቮልት ሊመጣ ይችላል። ሕፃኑ ልብሱ ወልቆ ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ ይሆናል፣ ቆብ ይደረግለታል፣ ከላይ ጋቢ ይደረብባቸዋል። የሞቀ ውሃ በፕላስቲክ ተሞልቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ አልጋውን ያሞቃል፤ ሕፃኑ ከመተኛቱ በፊት ይወጣል። እትዬ ምድጃቸውን ይዘው ሲመጡ ከሰሉን በረንዳ ላይ እናቀጣጥልላቸዋለን፤ ቡናውም ገንፎውም እዚያው ይደርሳል።

የካቲት ላይ ፀሐዩ ሲበረታ በክንፎቹ መካከል ያለውን አቧራ በብሩሽ ጠርገን፣ ሽቦውን ሳናጥፍ ጠቅልለን፣ እንደቆመ በአንሶላ ሸፍነን ጥግ እናስይዘዋለን። በሚቀጥለው ጥቅምት መጀመሪያ ስናበራው ትንሽ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል፤ መስኮቱን ከፍተን ግማሽ ሰዓት ባዶ ክፍል ውስጥ እንተወዋለን።