ባዶው ወረፋ፦ ወረፋን በተያያዥ ዝርዝር ስለ መገንባት

ወረፋ ቀድሞ የገባ ንጥል ቀድሞ የሚወጣበት የመረጃ መዋቅር ነው። ለአታሚ የተላኩ ሥራዎችን በተራ ከማስተናገድ አንሥቶ ግራፍን በየደረጃው እስከ መቃኘት ድረስ ያገለግላል። ይህ ጽሑፍ ወረፋ በተያያዥ ዝርዝር እንዴት እንደሚገነባ ያብራራል፤ ዋናው ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም ወረፋው ባዶ በሚሆንበት ቅጽበት መሆኑን ያሳያል።

ሁለት ጠቋሚዎች ለምን?

በተያያዥ ዝርዝር ውስጥ እያንዳንዱ አንጓ ወይም ኖድ አንድ እሴትና ወደ ቀጣዩ አንጓ የሚያመለክት ጠቋሚ ይይዛል። ያለን የፊት ጠቋሚ ብቻ ከሆነ፣ አዲስ ንጥል ለማስገባት ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው መጓዝ ግድ ይላል፤ በዚህ አኳኋን 1,000 ንጥሎችን ማስገባት በድምሩ 499,500 አንጓዎችን መጎብኘት ይጠይቃል። የኋላ ጠቋሚ ሲታከል ግን እያንዳንዱ ማስገባት በወረፋው ርዝመት የማይወሰን ቋሚ ጊዜ ይወስዳል። አቅጣጫውም የዘፈቀደ አይደለም፤ ከኋላ ለማስወጣት ከመጨረሻው የሚቀድመውን አንጓ መፈለግ ስለሚያሻ፣ ንጥል ከኋላ ገብቶ ከፊት መውጣት አለበት።

የመጨረሻው ንጥል ሲወጣ

ብቸኛው ንጥል ሲወጣ የፊት ጠቋሚው ባዶ ይሆናል። የኋላ ጠቋሚው አብሮ ካልታረመ ግን የተወገደውን አንጓ ማመልከቱን ይቀጥላል። የማስገቢያው ተግባር የወረፋውን ባዶነት በኋላ ጠቋሚው የሚፈትሽ ከሆነ፣ ቀጣዩ ንጥል ከተወገደው አንጓ ጋር ይቀጠላል። ይህ በሲ ቋንቋ በተለቀቀ ማህደረ ትውስታ ላይ መጻፍ ነው። በጃቫ ደግሞ አዲሶቹ ንጥሎች ከፊት ጠቋሚው የማይደረስባቸው ሆነው ይቀራሉ። ፕሮግራሙ ሳይቋረጥ ሥራ ይጠፋልና፣ ሁለተኛው ለመለየት ይበልጥ ያስቸግራል።

የይስሙላ አንጓ

አንዱ መፍትሔ ወረፋው ሲፈጠር እሴት የሌለው የይስሙላ አንጓ አስቀምጦ ሁለቱም ጠቋሚዎች እርሱን እንዲያመለክቱ ማድረግ ነው። ማስገባት ሁልጊዜ አዲሱን አንጓ ከኋላ ቀጥሎ የኋላ ጠቋሚውን ማሻገር ይሆናል። በማስወጣት ጊዜ ከይስሙላው ቀጥሎ አንጓ ከሌለ ወረፋው ባዶ ነው፤ ካለ ግን እሴቱ ተነብቦ የፊት ጠቋሚው ወደዚያ አንጓ ይሻገራል፤ አንጓውም አዲሱ ይስሙላ ይሆናል። በመሆኑም ማስወጣት የኋላ ጠቋሚውን ፈጽሞ አይነካም።

የዚህ ጥቅም ከኮድ ቅለት ያልፋል። ማጌድ ማይክልና ማይክል ስኮት እ.ኤ.አ. በ1996 ባቀረቡት ባለሁለት ቁልፍ ወረፋ፣ የይስሙላው አንጓ አንዱ ትሬድ ሲያስገባ ሌላው በተመሳሳይ ጊዜ እንዲያስወጣ አስችሏል። በዚያው ጽሑፍ የቀረበው ቁልፍ አልባ ስልተ ቀመር ደግሞ ለጃቫው ኮንከረንት ሊንክድ ኪው መሠረት ሆኗል።

ማጠቃለያ

ተያያዥ ዝርዝር ያለ ዋጋ አይገኝም፤ በ64 ቢት ማሽን እያንዳንዱ አንጓ ለጠቋሚ ብቻ 8 ባይት ይወስዳል። ከፍተኛው ርዝመት አስቀድሞ ከታወቀ ክብ ድርድር ይመረጣል። ርዝመቱ በማይታወቅበት ሁኔታ ግን ባለይስሙላ ተያያዥ ዝርዝር ተገቢ ምርጫ ነው። ትክክለኛነቱ ሲፈተሽም ወረፋውን ሞልቶ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ እስከ ባዶነት አራግፎ እንደገና ማስገባት የፈተናው አካል ሊሆን ይገባል።