አስታራቂ መሆን ዋጋ ያስከፍላል

እስቲ ይህን ሁኔታ እናስብ። በአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ወንድሞች አሉ። ሁለቱም ጌታን ይወዳሉ፤ ሁለቱም ያገለግላሉ። አንዱ ለሌላው ገንዘብ አበደረ፤ ገንዘቡ በቀጠሮው አልተመለሰም፤ ከዚያም ክፉ ቃል ተከተለ። ዛሬ አንዱ ከፊት ሲቀመጥ ሌላው ከኋላ ይቀመጣል። የጌታ እራት ሲቀርብ ሁለቱም ይወስዳሉ። ምዕመናኑ ያውቃሉ፤ ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ። ነገር ግን ሁሉም «እንጸልይላቸው» ብሎ ያልፋል። ጩኸት ስለሌለም በቤተ ክርስቲያናችን ሰላም ነው እንላለን።

ወገኖች ሆይ፣ ይህ በእውነት ሰላም ነውን?

ጌታችን ኢየሱስ በተራራው ስብከቱ የእግዚአብሔር ልጆች እንደሚባሉ የመሰከረላቸው ሰዎች አሉ (ማቴ. 5፥9)። የቀድሞው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እነዚህን ሰዎች «የሚያስተራርቁ» ይላቸዋል። ጠብ የማይወዱ ወይም ዝምተኞች አላላቸውም። በግሪኩም ቃሉ ሰላምን የሚያደርጉ ማለት ነው። ከዚሁ ቃል የወጣውን ግስ ሐዋርያው ጳውሎስ የተጠቀመበት ስለ ክርስቶስ ሲናገር ነው፤ ክርስቶስ በመስቀሉ ደም ሰላምን አደረገ (ቆላ. 1፥20)። እንግዲህ አስታራቂዎች የእግዚአብሔር ልጆች የተባሉት አባታቸውን ስለሚመስሉ ነው። አባታቸው ያስታረቀን ደግሞ በዝምታ ሳይሆን ዋጋ ከፍሎ ነው።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት ከፊልሞና መልእክት የተሻለ ቦታ አይገኝም። መልእክቱ 25 ቁጥር ብቻ ነው። ፊልሞና በቤቱ ቤተ ክርስቲያን የምትሰበሰብ አማኝ ነው። አናሲሞስ ባሪያው ሲሆን ከእርሱ ተለይቶ ሄዷል፤ ብዙዎች ኮብልሎ ነው ይላሉ። በኋላ ግን በእስር ቤት ካለው ከጳውሎስ ጋር ተገናኝቶ ጌታን አመነ። በሮም ዘመን የኮበለለ ባሪያ ከባድ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። ጳውሎስ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ገባ። እንዴት ገባ?

1. ሁለቱንም ወደደ

ጳውሎስ ለአንዱ ወግኖ ሌላውን አልከሰሰም። ፊልሞናን የተወደደና አብሮን የሚሠራ ይለዋል (ቁ. 1)፤ አናሲሞስን ደግሞ በእስራቱ የወለደው ልጁ ይለዋል (ቁ. 10)። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የአንዱን ወገን ሰምተን ለመፍረድ እንቸኩላለን። አንዱን ብቻ የሚወድ ሰው ጠበቃ ይሆን ይሆናል እንጂ አስታራቂ ሊሆን አይችልም።

2. ነገሩን አልሸፋፈነም

ጳውሎስ አናሲሞስን ከእርሱ ጋር ማስቀረት ይፈልግ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ፊልሞና መልሶ ላከው (ቁ. 12-14)። በደልና ዕዳ ካለም በስሙ ጠራው (ቁ. 18)። ፊልሞናንም ቢሆን ዝም ብለህ እለፈው አላለውም፤ ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ተቀበለው አለው (ቁ. 16)። ይህ ለፊልሞና ቀላል ልመና አልነበረም።

3. ዕዳውን በራሱ ላይ ወሰደ

የመልእክቱ ልብ እዚህ ላይ ነው። ጳውሎስ የአናሲሞስ ዕዳ በእርሱ ላይ እንዲቆጠር ጠየቀ፤ እከፍላለሁ ብሎም በገዛ እጁ ጻፈ (ቁ. 18-19)። እስረኛ የሆነ ሰው ለሌላው ዕዳ ዋስ ሆነ! ይህን ከማን እንደተማረው እናውቃለን። የእኛ ዕዳ በክርስቶስ ላይ ተቆጥሯልና።

በሀገራችን ሽምግልና የቆየ መልካም ባህል ነው። የተጣሉ ሲኖሩ ሽማግሌ ይላካል፤ ነገሩ ይሰማል፤ ይቅር ለእግዚአብሔር ይባላል። ለዚህ ጌታን ልናመሰግን ይገባል። ይሁን እንጂ አንድ አደጋ አለ። አንዳንድ ጊዜ የምንፈልገው እርቅ ሳይሆን ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅልን ነው። ባሏ የሚደበድባት እህት ወደ ሽማግሌዎች ስትመጣ «ቻይው፣ ትዳር ነው» ብሎ ወደ ቤቷ መመለስ ማስታረቅ አይደለም። ነቢዩ ኤርምያስ ሰላም ሳይኖር ሰላም አለ እያሉ የሕዝቡን ስብራት በጥቂቱ የሚፈውሱትን ገሥጿል (ኤር. 6፥14)። እንዲህ ባለ ጊዜ አስቀድሞ የተጎዳችውን መጠበቅ፣ በዳዩንም ወደ ንስሐ መጥራት ያስፈልጋል። ወንጀል ካለም ሕግ ሥራውን ይሥራ። ይቅርታ ማለት በደል አልነበረም ማለት አይደለም።

ታዲያ ማን ይጀምር? የጌታ ትምህርት እዚህ ላይ ማምለጫ አይሰጠንም። ወንድምህ በአንተ ላይ የሚያዝንበት ነገር እንዳለ ካሰብህ፣ መባህን ትተህ አንተ ሂድ ይላል (ማቴ. 5፥23-24)። ወንድምህ ቢበድልህም፣ ብቻህን ወደ እርሱ አንተው ሂድ ይላል (ማቴ. 18፥15)። በዳዩም ተበዳዩም ሂዱ ተብለዋል። ሁለቱም ቢታዘዙ መንገድ ላይ ይገናኙ ነበር! እኛ ግን «እርሱ ይምጣ» እያልን ዓመታት እናሳልፋለን።

እርግጥ ነው፣ ሄደን ሁልጊዜ እርቅ ላይገኝ ይችላል። ሐዋርያው ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ ሲል፣ ቢቻልና በእኛ በኩል ያለውን ያህል ብሏል (ሮሜ 12፥18)። የሌላውን ልብ መለወጥ የእኛ ድርሻ አይደለም። መሄድ ግን የእኛ ድርሻ ነው።

ወደ ሁለቱ ወንድሞች እንመለስ። ከመካከላችን አንድ ሰው ተነሥቶ የመጀመሪያውን ቤት ቢያንኳኳ፣ ተቀምጦ ቢሰማ፣ ከዚያም ወደ ሁለተኛው ቢሄድስ? ተበዳሪው ጥፋቱን አምኖ፣ ነገር ግን መክፈል ቢያቅተው፣ «የጎደለውን በእኔ ቁጠረው» የሚል አንድ ወንድም ቢገኝስ? ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ገንዘብም ሊወስድ ይችላል፤ አንዳንዴም ከሁለቱም ወገን ስድብ ያተርፋል። የእግዚአብሔር ልጆች የሚታወቁት ግን በዚህ ነው።

የተወደድህ አንባቢ፣ ይህን ስታነብ ወደ ልብህ የመጣ ስም አለን? በሚቀጥለው እሑድ ወደ ጌታ ማዕድ ከመቅረብህ በፊት ወደ እርሱ ሂድ። የሰላም አምላክ ከአንተ ጋር ይሁን።