እግር የተቀጠለላት ብርቱካን

በካሊፎርኒያዋ ሪቨርሳይድ ከተማ፣ የማግኖሊያና የአርሊንግተን ጎዳናዎች በሚገናኙበት ማዕዘን፣ በአጥር የተከበበች አንዲት የብርቱካን ዛፍ አለች። ጎንበስ ብሎ ግንዷን ላየ፣ ቀጫጭን ግንዶች ከመሬት ወጥተው ጎኗ ውስጥ ገብተው ይጠፋሉ። ላረጀ ዛፍ የተደገፉ ባላዎች ይመስላሉ። ባላ ግን አይደሉም፤ የሚያበሏትና የሚያጠጧት እነሱ ናቸው።

ኤሊዛ ቲቤትስ ለተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1873 ከዋሽንግተን የግብርና መሥሪያ ቤት የተላከች ችግኝ ነበረች፤ ዝርያዋ የመጣው ከብራዚሏ ባሂያ ነው። ፍሬዋ ጫፉ ላይ እምብርት አለው፣ ዘር ግን የለውም። ስለዚህ የሰው እጅ ካልገባበት አትራባም፤ ዓይኗ ተቆርጦ የሌላ ብርቱካን ወይም የሎሚ ወገን ሥር ላይ መቀጠል አለበት።

እኛ ይህን ሥራ “ማዳቀል” እንለዋለን። የሃስ አቮካዶ ችግኝ የገዛ ገበሬም “የተዳቀለ ነው” ይላል። እኔ ቃሉ ያሳስታል ባይ ነኝ፤ ሁለቱ ተክሎች ደማቸውን አይቀላቅሉም። ላይኛው ላይኛው ሆኖ፣ ታችኛውም ታችኛው ሆኖ ይኖራሉ። የሚጋሩት ውኃና ምግብ ነው። ሚስጥሩ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ባለችው ስስ እርጥብ ሽፋን ላይ ነው፤ የአንዱ ሽፋን ከሌላው ጋር ካልገጠመ የቱንም ያህል ጠብቆ ቢታሰር አይያያዝም።

የሪቨርሳይዷን ዛፍ ልዩ የሚያደርጋት ነገሩ መገልበጡ ነው። የተለመደው ቅርንጫፉን ወደ ሥሩ መውሰድ ነው፤ ለእሷ ግን ሥሩ መጣላት። ፋይቶፍቶራ የተባለ የሥር አበስባሽ በሽታ ሲይዛት፣ በ1918 ጤነኛ ችግኞች ዙሪያዋን ተተከሉ። በዚህ ዘዴ የችግኙ ጫፍ እንደ ሽብልቅ ይሾላል፣ የዛፉ ቅርፊት ይሰነጠቃል፣ ጫፉ ከሥሩ ገብቶ በትንንሽ ሚስማር ይያዛል። በ1951 ደግሞ ሌሎች ችግኞች ተጨመሩላት።

ህንዶች ለማንጎ የሚጠቀሙበት የቆየ ዘዴም የዚህ ዘመድ ነው። የብዙዎቹ የህንድ ማንጎዎች ዘር ቢተከል የሚበቅለው እናቱን አይመስልም። ስለዚህ በማሰሮ ያለ ችግኝ ቆጥ ላይ ወጥቶ ከእናቲቱ ቅርንጫፍ ጎን ይቀመጣል፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ተልጠው በአንድ ይታሰራሉ። ሁለት ሦስት ወር እያንዳንዱ የራሱን ሥር እየጠባ ይቆያል፤ ሲዋሐዱ ከእናቲቱ ይቆረጣል። አስተማማኝ ነው፣ ግን ማሰሮ ዛፍ ላይ እየሰቀሉ ሺህ ችግኝ ማፍራት አድካሚ ነው። በህንዷ ኮንካን አካባቢ ሥራው የሚቀለው ከበቀለ ሁለት ሳምንት እንኳ ያልሞላው፣ ቅጠሉ ገና መዳብ የሚመስል ቡቃያ ላይ በመቀጠል ነው። ያን ጊዜ ቡቃያው ከዘሩ አልተላቀቀም፤ ስንቁ እዚያው አለ።

ለእኛ ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የድልድይ ቅጠላ የሚባለው ዘዴ ይመስለኛል። ፍየል የዛፍ ቅርፊት ዙሪያውን ስትልጥ ቅጠሉ ወዲያው ስለማይጠወልግ ባለቤቱ “ተርፏል” ይላል። አልተረፈም። ውኃው በእንጨቱ በኩል ሽቅብ ይወጣል፤ ቅጠሉ ያዘጋጀው ምግብ ግን የሚወርደው በቅርፊቱ ነው፤ ሥሩ በረሃብ ይሞታል። ማዳኛው ከዚያው ዛፍ ቀጫጭን ቅርንጫፎችን ቆርጦ፣ ሁለቱንም ጫፍ አሹሎ፣ ከቁስሉ በታችና በላይ ባለው ቅርፊት ሥር ማስገባት ነው። ነፋስ ሲያወዛውዘው እንዳይነቀል በመጠኑ እንደ ቀስት ይጎብጥ። ላይና ታቹ ከተገለበጠ ልፋት ብቻ ነው።

የሪቨርሳይዷ ዛፍ ዛሬ በመረብ ድንኳን ውስጥ ናት። አሁን የሚያሰጋት የብርቱካን አረንጓዴ በሽታ የሚባለው ነው፤ እሱን ይዛ የምትመጣው ትንሽ ተባይ የምታርፈው ለጋ ቅጠል ላይ ነው። የተቀጠሉላት እግሮች እዚያ አይደርሱም።