ጌም ሲከፈት የሚጠፋ ኮምፒዩተር

ጽሑፍ ሲጻፍበትና ፊልም ሲታይበት ውሎ አንዳች ችግር የማያሳይ ኮምፒዩተር፣ ጌም ሲከፈትበት ድርግም የሚለው ለምን እንደሆነ ተማሪዎች ዘወትር ይጠይቁናል። ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል፤ ሌላ ግዛ» የሚል ነው። ይህ ክፍል ከሁሉም ውድ ከሚባሉት አንዱ ስለሆነ፣ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ጥፋቱ በእርግጥ የእርሱ መሆኑን ማጣራት ይገባል። የማጣራቱም ዘዴ በፊዚክስ ክፍል ስለ ሙከራ ከምናስተምረው የተለየ አይደለም፤ ይኸውም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው።

ጽሑፍ በምንጽፍበት ጊዜ ፕሮሰሰሩም ሆነ ግራፊክስ ካርዱ ሥራ ፈት ናቸው ማለት ይቻላል። ጌም ሲከፈት ግን ሁለቱም ባንድነት ጭነት ይሸከማሉ፤ የሚስቡት ኃይልና የሚያወጡት ሙቀትም ያሻቅባል። ተደብቆ የቆየ ድካም የሚጋለጠው ያን ጊዜ ነው።

በመጀመሪያ አጠፋፉን እንመልከት። ጌሙ ብቻ ተዘግቶ ዊንዶውስ ከቀረ የጌሙ ፋይል፣ ድራይቨሩ ወይም ራሙ ይጠረጠራል። ሰማያዊ ገጽ ከመጣ በላዩ የተጻፈውን ስም መገልበጥ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩ ያለ አንዳች መልእክት ከጠፋ ግን ወደ ሙቀትና ወደ ፓወር ሰፕላይ ማዘንበል ይሻላል። በዚህ ጊዜ ዊንዶውስ በመዝገቡ ላይ «ከርነል ፓወር 41» ብሎ ይጽፋል። ይህን አይቶ ፓወር ሰፕላዩን የሚከስ ሰው ብዙ ነው፤ ሆኖም ጽሑፉ የሚናገረው ኮምፒዩተሩ በሥርዓት ሳይዘጋ መጥፋቱን እንጂ ምክንያቱን አይደለም።

ሙቀት ጊዜ ይፈልጋል። ብዙ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ሙቀቱ አሁንም ከጨመረ ራሳቸውን ለማዳን ይጠፋሉ። ስለዚህ ጌሙ ከመጥፋቱ በፊት መንቀራፈፍ ከጀመረ ማራገቢያውን ያፈነውን አቧራ ማጽዳት ይቅደም። የደከመ ፓወር ሰፕላይ ግን ጌሙ ከባድ ትዕይንት ውስጥ እንደገባ ወዲያው ሊያጠፋ ይችላል።

ይህን ለማረጋገጥ ለፍተሻ በተዘጋጁ ፕሮግራሞች መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን ብቻውን፣ ቀጥሎ ግራፊክስ ካርዱን ብቻውን፣ በመጨረሻም ሁለቱን ባንድነት ማስጨነቅ ነው። ለየብቻ ችለው ባንድነት ከጠፉ ጥርጣሬው በኃይል አቅርቦቱ ላይ ይወድቃል። ያኔም ቢሆን ለግዢ መቸኮል አያስፈልግም። አቅሙ አነስተኛ የሆነ ዩፒኤስ ጭነት ሲበዛበት ስለሚያቋርጥ፣ ኮምፒዩተሩን በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ሰክቶ መሞከር ይቻላል። ግራፊክስ ካርድ ከማዘርቦርዱ ላይ እስከ 75 ዋት፣ ስምንት እግር ካለው ከእያንዳንዱ መሰኪያ ደግሞ 150 ዋት እንዲስብ ተደንግጓል። ሁለት መሰኪያ ካለው አንዱን ሽቦ ለሁለት ከማካፈል ለእያንዳንዱ የራሱን ሽቦ መስጠት ይመረጣል። ተማሪዎች ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ፈጽሞ እንዳይከፍቱ እናሳስባለን፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ በካፓሲተሮቹ ውስጥ አደገኛ ቮልቴጅ ይቆያል።

ራምን በሚመለከት፣ በባዮስ ውስጥ ፍጥነቱን ከመደበኛው በላይ ያደረገ ምርጫ ካለ ማጥፋት፣ ከዚያም ሜምቴስት በሚባለው ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ መፈተሽ ነው። አንድ ስሕተት እንኳ ከታየ ራሞቹን አንድ በአንድ መለየት ያስፈልጋል።

የተከሰሰው ክፍል ጥፋተኛ ላይሆን እንደሚችል የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በብዙ ተጫዋቾች ዘንድ ጌሙ «የግራፊክስ ካርዱ ማኅደረ ትውስታ አልቋል» እያለ ይዘጋ ነበር፤ ካርዱ ግን ጤነኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ኩባንያው ራሱ እንዳስታወቀው፣ ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቀ ራሱን ይጎዳ ኖሯል። ከነሐሴ ወር 2024 ጀምሮ በባዮስ በኩል የሚጫን ማስተካከያ ወጣ፤ በጉድለቱ ለተነኩት ሞዴሎችም ዋስትናው በሁለት ዓመት ተራዘመ። ማስተካከያው ቀድሞ የተጎዳውን ፕሮሰሰር አያድንም። ስለሆነም ከእነዚህ አንዱ ያለው ሰው ካርድ ሊገዛ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ባዮሱን ያድስ፤ የግዢ ደረሰኙንም ይፈልግ።