ካፖኮርዳ

ካፖኮርዳ የኤሌክትሪክ ሽቦን ጫፍ ከማከፋፈያ ሰሌዳ፣ ከሞተር፣ ከትራንስፎርመር ወይም ከምድር ሽቦ ጋር በብሎን ለማሰር የሚያገለግል ማያያዣ ነው። ኬብል ላግ ተብሎም ይጠራል። ስሙ ከጣሊያንኛ የተወሰደ ሲሆን «የገመድ ጫፍ» እንደ ማለት ነው። በአንድ ወገን ሽቦው የሚገባበት ቱቦ፣ በሌላው ወገን ብሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ምላስ አለው። ብዙውን ጊዜ ከመዳብ ተሠርቶ በቲን ይለበጣል።

የፕላስቲክ ሽፋን ያለው ዓይነት በቀይ፣ በሰማያዊና በቢጫ ቀለም የሚለይ ሲሆን በአብዛኛው እስከ 6 ካሬ ሚሊሜትር ለሆኑ ቀጫጭን ሽቦዎች ያገለግላል። ሽፋን የሌለው ለወፍራም ኬብሎች፣ እንዲሁም እንደ እንጀራ ምጣድ ፕላስቲክን የሚያቀልጥ ሙቀት ላለባቸው ቦታዎች ይመረጣል።

አሠራር

የተላጠው ሽቦ ክሮቹ ሳይቆረጡ ወደ ቱቦው ይገባና ቱቦው በልኩ በተሠራ መጭመቂያ ይጨመቃል። በትክክል ሲጨመቅ በክሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ይጠፋል፤ አየርና እርጥበትም ወደ ውስጥ አይገቡም። በፒንሳ ወይም በመዶሻ የተጨፈለቀ ግን ከውጭ የጠበቀ ቢመስልም ውስጡ ክፍተት ይቀረዋል። በምላሱ ላይ የሚታተመው ቁጥር መጠኑን ያሳያል፤ ለምሳሌ 25-8 ማለት ለ25 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና ለ8 ሚሊሜትር ብሎን የተሠራ ማለት ነው።

ሙቀትና የእሳት አደጋ

በመጋጠሚያ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የሚሰላው ከረንቱን በራሱ፣ ውጤቱን ደግሞ በሬዚስታንሱ በማባዛት ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። የመጋጠሚያው ሬዚስታንስ 0.001 ኦም ከሆነ የሚባክነው 0.26 ዋት ገደማ ብቻ ነው። መጋጠሚያው ላልቶ ሬዚስታንሱ 0.1 ኦም ቢደርስ ግን በጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ወደ 26 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ሙቀቱ ዝገትን፣ ዝገቱም ሙቀትን ያባብሳል። ከረንቱ ከተፈቀደው መጠን ስላላለፈ ብሬከሩ መስመሩን አያቋርጥም፤ አደጋው ሳይታወቅ የሚያድገው በዚህ ምክንያት ነው።

መዳብና አሉሚኒየም

እንደ ሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ በገፈርሳ፣ በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታም በምሰሶ ላይ የሚዘረጋው መስመር በአብዛኛው አሉሚኒየም፣ የቤትና የፋብሪካ ውስጥ መስመር ደግሞ በአብዛኛው መዳብ ነው። ሁለቱ በቀጥታ ከተነካኩ፣ በተለይ በክረምት እርጥበት፣ አሉሚኒየሙ ይበላል። ስለዚህ የአሉሚኒየም ኬብልን ከመዳብ ጋር ለማሰር ቱቦው አሉሚኒየም፣ ምላሱ መዳብ የሆነ ካፖኮርዳ ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ

ሽፋን የሌለው ካፖኮርዳ በሚዘጋ ሳጥን ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ኃይሉ መቋረጡ በመለኪያ ይረጋገጣል፤ ከተጨመቀ በኋላም ሽቦው ተጎትቶ ይፈተሻል። የጠቆረ ምላስ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታና ብልጭ ድርግም የሚል መብራት መጋጠሚያው የላላ መሆኑን ሊያመለክቱ ይችላሉ።